ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄና ወደ ጣና፡ ለሳምንቱ መጨረሻ ጉዞ ተሽከርካሪ ሲከራዩ ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

የሥራ ቀናትን በቢሮ ያሳለፈ ሠራተኛ ቅዳሜንና እሑድን ከቤተሰቡ ወይም ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በተራራ አለዚያም በውኃ ዳር ለማሳለፍ ቢፈልግ ደብረ ማርቆስ አመቺ መነሻ ናት። ከከተማዋ በስተሰሜን የጮቄ ተራሮች፣ በስተምሥራቅ በደጀን በኩል የዓባይ ሸለቆ፣ በባሕር ዳር አቅጣጫ ደግሞ የዘንገናና የጣና ሐይቆች ይገኛሉ።

የግል መኪና ለሌለው ሠራተኛ ወደነዚህ ሥፍራዎች ለመሄድ ያለው ዋነኛ አማራጭ ከሌሎች ጋር ወጪ ተጋርቶ ተሽከርካሪ መከራየት ነው። በዚህ ጊዜ ዋጋውና የመቀመጫው ቁጥር በቅድሚያ ይጠየቃል። የሰሌዳው ዓይነት፣ የመድን ሽፋኑና የአሽከርካሪው መንጃ ፈቃድ ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠየቁ ይታለፋሉ። ጉዞው በሰላም ከተጠናቀቀ ልዩነቱ አይታወቅም። አደጋ በደረሰ ዕለት ግን ማን እንደሚጠየቅና የሕክምናና የጥገና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን የሚወስነው ይኸው ሳይታይ የቀረው ሰነድ ነው።

ይህ ጽሑፍ ተሽከርካሪ ተከራይቶ ከደብረ ማርቆስ ለአንድ ወይም ለሁለት ሌሊት መውጣት ለሚፈልጉ የመንግሥት ሠራተኞች፣ እንዲሁም ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ኃላፊዎች ጠቃሚ የሆኑ መረጃዎችን በአንድነት ያቀርባል።

ከሁሉ አስቀድሞ፡ የመንገዱ ሁኔታ

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በተፈጠረው የጸጥታ ችግር ምክንያት በሐምሌ ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መታወጁና አዋጁም እስከ 2016 ዓ.ም ግንቦት ወር መጨረሻ አካባቢ ጸንቶ መቆየቱ ይታወሳል። አዋጁ ካበቃም በኋላ በተለያዩ ጊዜያት መንገዶች ሲዘጉና የተሽከርካሪ እንቅስቃሴ ሲገደብ ቆይቷል።

በመሆኑም ማንኛውም ጉዞ ከመታሰቡ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከዞኑና ከወረዳው ጸጥታ ጽሕፈት ቤቶች፣ ከትራፊክ ፖሊስ እንዲሁም በዚያው መስመር በየዕለቱ ከሚመላለሱ አሽከርካሪዎች ማረጋገጥ ግድ ይላል። ማረጋገጫው ቀደም ባለው ሳምንት የተገኘ ሳይሆን በመነሻው ዋዜማ የተገኘ መሆን አለበት። መንገዱ አስተማማኝ መሆኑ ካልታወቀ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ይገባል። በኪራይ ውሉ ላይም ጉዞው በጸጥታ ምክንያት ቢሰረዝ ቀብዱ እንዴት እንደሚመለስ አስቀድሞ መጻፉ ከክርክር ያድናል።

ካምፐር ቫን ምን ዓይነት መኪና ነው?

በሌሎች ሀገሮች ለሳምንት መጨረሻ ጉዞ በስፋት የሚከራየው ካምፐር ቫን ይባላል። መኪናው አልጋ፣ ትንሽ የማብሰያ ምድጃ፣ የውኃ ማጠራቀሚያና አንዳንዴም መታጠቢያ የተሟላለት ሲሆን ተጓዡ ሆቴል ሳይፈልግ በደረሰበት ሥፍራ እንዲያድር ያስችለዋል።

የጀርመኑ ፎልክስዋገን ኩባንያ ኮምቢ በሚል ስም የሚታወቀውን መኪና ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ በ1950 ሲሆን፣ ዌስትፋሊያ የተባለው ሌላ የጀርመን ድርጅት በቀጣዩ ዓመት ይህንኑ መኪና ለማደሪያነት አመቻችቶ ማቅረብ ጀምሯል። ሥራው ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። በአፍሪካም ናሚቢያንና ደቡብ አፍሪካን በመሳሰሉ አገሮች በጣሪያቸው ላይ የሚዘረጋ ድንኳን የተገጠመላቸው ባለ አራት ጎማ መንጃ መኪኖችን ማከራየት የታወቀ የንግድ ዘርፍ ሆኗል።

በኢትዮጵያ ግን ይህ ዓይነቱ ኪራይ የተለመደ አይደለም። በአዲስ አበባ የሚገኙ አንዳንድ አስጎብኚ ድርጅቶች ድንኳንና የማብሰያ ዕቃ ጭነው የሚጓዙ ላንድክሩዘሮችን ከነአሽከርካሪው ያቀርባሉ። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በ2016 ዓ.ም ከኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች በስተቀር ሌሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን ማስታወቁም የዚህን ዓይነት መኪኖች ከውጭ የማስመጣቱን ነገር ይበልጥ አስቸጋሪ አድርጎታል።

ስለዚህ ከደብረ ማርቆስ የሚነሳ ተጓዥ በተግባር ያለው ምርጫ መኪናውን ለጉዞ፣ ድንኳኑን ወይም የእንግዳ ማረፊያውን ለማደሪያ መጠቀም ነው። ለአስፋልት መንገድና ከሰባት ለሚበልጡ ሰዎች በተለምዶ ዶልፊን ወይም አባዱላ የሚባሉት ሚኒባሶች ይበቃሉ። ለጮቄ ዓይነቱ ዳገትና ጭቃ ግን ባለ አራት ጎማ መንጃ ላንድክሩዘር ይመረጣል። ከላንድክሩዘሮችም ሀርድቶፕ የሚባለው የኋላ ክፍሉ ረጅም በመሆኑ መቀመጫው ሲታጠፍ ሁለት ሰዎችን ለማስተኛት ይበቃል።

ሰሌዳው ምን ይላል?

በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት በቆየው የሰሌዳ አሰጣጥ ኮድ 1 ለታክሲ፣ ኮድ 2 ለግል፣ ኮድ 3 ለንግድ፣ ኮድ 4 ለመንግሥት፣ ኮድ 5 ደግሞ ለሃይማኖትና ለእርዳታ ድርጅቶች የተመደበ ነው። ለኪራይ መዋል የሚገባው የንግድ ፈቃድ ያለው ተሽከርካሪ ነው። የሰሌዳው መልክ በየጊዜው ሊለወጥ ስለሚችል ተከራዩ በሰሌዳው ብቻ ሳይወሰን ሊብሬው ላይ የሰፈረውን የአገልግሎት ዓይነት ማየት ይኖርበታል።

የግል መኪና ያለው ወዳጅ ወይም ጎረቤት መኪናውን በአነስተኛ ዋጋ ሊያከራይ ቢስማማ ጉዳዩ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ የመድን ውል ተሽከርካሪው ለምን አገልግሎት እንደሚውል የሚጠቅስ በመሆኑ በግል አገልግሎት የተመዘገበ መኪና ገንዘብ ተቀብሎ ሰው ሲያጓጉዝ አደጋ ቢደርስበት መድን ሰጪው ክፍያውን ሊከራከርበት ይችላል። በኪራዩ ላይ የተቆጠበው ጥቂት ገንዘብ ያን ጊዜ እጥፍ ድርብ ሆኖ ይጠየቃል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የመንግሥት ሠራተኞችን በቀጥታ የሚመለከተው የኮድ 4 ጉዳይ ነው። ለመንግሥት ሥራ የተመደበ ተሽከርካሪ ለቤተሰብ ወይም ለባልደረቦች መዝናኛ መዋል የለበትም። ነዳጁን ከራስ ኪስ መሙላት ወይም አሽከርካሪውን ማስፈቀድ አሠራሩን ሕጋዊ አያደርገውም። የመስክ ሥራ ዓርብ ዕለት ተጠናቅቆ መኪናው ቅዳሜና እሑድ ሐይቅ ዳር ከቆመም አጠቃቀሙ ያው ነው። አደጋ ቢደርስ ወይም ንብረት ቢጠፋ መኪናውን የያዘው ሠራተኛም ሆነ የፈቀደው ኃላፊ በአስተዳደርም ሆነ በሕግ ሊጠየቁ ይችላሉ።

መድንና ኃላፊነት

በ2005 ዓ.ም የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ሰው የሦስተኛ ወገን መድን የሌለውን ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ እንዳያንቀሳቅስ ይከለክላል። የዚህ መድን ዓላማ በተሽከርካሪው አደጋ ለሚጎዱ ሌሎች ሰዎች ሕክምናና ካሣ ማስገኘት ሲሆን የተከራየውን መኪና የራሱን ጉዳት አይሸፍንም። መኪናው ቢገለበጥ ወይም ቢሰረቅ የሚደርሰውን ኪሣራ የሚሸፍነው ባለቤቱ በተጨማሪ የገባው ሙሉ የመድን ዋስትና ካለ ብቻ ነው። ይህ ከሌለ ባለቤቱ ፊቱን ወደ ተከራዩ ማዞሩ አይቀርም።

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ መኪናውን የያዘው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ባለቤቶች መኪናቸውን ያለ አሽከርካሪ ለማከራየት የማይፈቅዱበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ተከራዩም ቢሆን ከአሽከርካሪ ጋር መከራየቱ ይጠቅመዋል። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ያገኛል፤ የመንዳቱንም ኃላፊነት ለሌላ ይተዋል። ይሁንና መኪናው ሚኒባስ ከሆነ የአሽከርካሪው መንጃ ፈቃድ የሕዝብ ማመላለሻ ምድብ መሆኑን ማረጋገጥ አይዘነጋም።

በውሉ ላይ ሊሰፍሩ የሚገቡ ነጥቦች

የቃል ስምምነት ክርክር በተነሳ ጊዜ ለማስረዳት አዳጋች በመሆኑ ውሉ አንድ ገጽም ቢሆን በጽሑፍ መሆን አለበት። በውሉም የሚከተሉት ሊካተቱ ይገባል።

አንደኛ፣ የአከራዩና የተከራዩ ሙሉ ስምና አድራሻ፣ የመኪናው ሰሌዳ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር።

ሁለተኛ፣ የጉዞው መስመርና የመመለሻው ቀንና ሰዓት። «ባሕር ዳር ደርሶ መልስ» ከማለት «ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራ፣ ባሕር ዳር፣ ጢስ ዓባይና መልስ» ማለት ይሻላል። ከመስመር ውጪ የሚደረግ ጉዞ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠየቅበት በመሆኑ ነው።

ሦስተኛ፣ የቀኑ ኪራይ፣ የኪሎ ሜትር ገደብ ካለው መጠኑ፣ የአሽከርካሪው አበልና ማደሪያ በማን እንደሚሸፈን።

አራተኛ፣ የነዳጅ ወጪ። አብዛኛውን ጊዜ ነዳጅ የሚሞላው ተከራዩ በመሆኑ ስሌቱን አስቀድሞ መሥራት ያስፈልጋል። ለምሳሌ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ናፍጣ የሚፈጅ መኪና ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ደርሶ ለመመለስ፣ ማለትም ለ530 ኪሎ ሜትር ያህል፣ 64 ሊትር ገደማ ይጠይቃል። ለዳገትና በከተማ ውስጥ ለሚደረግ መዘዋወር ጥቂት መጨመር ይገባል። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የነዳጅ ግብይት በኤሌክትሮኒክ ክፍያ እንዲፈጸም የተወሰነ በመሆኑም ጥሬ ገንዘብ ብቻ ይዞ መውጣት አያዋጣም።

አምስተኛ፣ መኪናው መንገድ ላይ ቢበላሽ የጥገናው ወጪ የማን እንደሆነና ምትክ መኪና ይቅረብ አይቅረብ። ጎማ መፈንዳትና የሞተር ብልሽት ተለይተው ቢጻፉ ይመረጣል።

ከመነሳት በፊት ተከራዩና አሽከርካሪው አብረው የመኪናውን አካል በመመልከት የነበሩ ጭረቶችን መመዝገብ፣ የዓመታዊ ምርመራውን ቦሎና የመድኑን ምልክት ማየት፣ ስኮርታ ጎማው፣ ክሪኩ፣ ፍሬኑ፣ መብራቱና የደኅንነት ቀበቶው የሚሠሩ መሆናቸውን ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። ድንኳንና ፍራሽ በፖርቶመጋላው ላይ ሲጫን ክብደቱ ከበዛ መኪናው በጠመዝማዛ መንገድ ለመገልበጥ ስለሚጋለጥ ከባዱን ዕቃ ወደ ውስጥ ማስገባት ይገባል።

ወደ ጮቄ

የጮቄ ተራሮች ከባሕር ወለል በላይ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ሲሆን ስናን፣ ቢቡኝ፣ ደባይ ጥላትግንና ሁለት እጁ እነሴን ጨምሮ በርካታ ወረዳዎችን ያካልላሉ። ጨሞጋን፣ ሙጋን፣ ሱሃንና ተምጫን የመሳሰሉ ለዓባይ የሚገብሩ ወንዞች ምንጫቸው ከዚሁ ተራራ በመሆኑ ጮቄ የውኃ ማማ እየተባለ ይጠራል። የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደር በታኅሣሥ ወር 2015 ዓ.ም የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ በመረጣቸው ዝርዝር ውስጥ መካተቱ ሥፍራውን ይበልጥ አስተዋውቆታል።

ከደብረ ማርቆስ የሚነሳው መንገድ በስናን ወረዳ ረቡዕ ገበያ በኩል ወደ ተራራው ይወጣል። ተጓዡ ከገብስና ከድንች ማሳዎች ተነስቶ ወደ አስታ፣ ወደ ጓሳና ወደ ጅባራ ቀጠና ይሸጋገራል። ደርሶ መልሱ በአንድ ቀን የሚጠናቀቅ በመሆኑ ማደር ላልፈለገ ቤተሰብ የተመቸ ነው።

ሆኖም ከፍታው በሰውም ሆነ በመኪናው ላይ ተጽዕኖ አለው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታው በ1 ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህሉን ያጣል። በ4 ሺህ ሜትር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በመሆኑም የተዳከመ ራዲያተር ያለው መኪና ቶሎ ይግላል። ሰውን በተመለከተ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው የደብረ ማርቆስ ነዋሪ በከፊል የለመደ ቢሆንም ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የትንፋሽ ማጠር የታየበት ሰው ሳይዘገይ ወደ ዝቅተኛ ሥፍራ መውረድ አለበት። የልብና የሳንባ ሕመም ያለባቸው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡሮች ሐኪም ሳያማክሩ ባያድሩ ይመከራል።

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ዝናቡና ጉሙ መንገዱን አስቸጋሪ ያደርጉታል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ የጠራ ቢሆንም ሌሊቱ ውርጭ ነው። ድንኳን መትከል የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የቀበሌውን አስተዳደርና የመሬቱን ባለይዞታ ማስፈቀድ፣ በጓሳ ሣር ላይ መኪና አለመንዳት፣ አስታና ሌላ ዛፍ ለማገዶ አለመቁረጥ ይጠበቅበታል። ለአካባቢው ወጣቶች የጥበቃና የመንገድ መሪነት ክፍያ መስጠትም ነዋሪው ከጎብኚው ተጠቃሚ የሚሆንበት መንገድ ነው።

ወደ ጣና

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም ወዲህ የባሕር በር የሌላት በመሆኗ ለጎጃም ተጓዥ የውኃ ዳር መዝናኛ ማለት በዋነኛነት ጣና ነው። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር 265 ኪሎ ሜትር ያህል ሲርቅ መንገዱ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ በኩል ያልፋል። ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት የተነሳ ተጓዥ መንገዱ ከተመቸው እኩለ ቀን ሳይሆን ይደርሳል። በቲሊሊና በእንጅባራ መካከል በዋናው መንገድ አጠገብ የሚገኘው የዘንገና ሐይቅ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ክብ ሐይቅ ሲሆን ለምሳ ዕረፍት ተስማሚ ነው። ሐይቁ ጥልቅ በመሆኑ ልጆች ወደ ውኃው እንዳይጠጉ መጠበቅ ያሻል።

ባሕር ዳር ሲደረስ መኪናውን በጥበቃ ሥር በማቆም በጀልባ ወደ ዘጌ ባሕረ ገብ መሬትና ወደ ገዳማቱ መሻገር ይቻላል። ክብራን ገብርኤልንና ዳጋ እስጢፋኖስን የመሳሰሉ ገዳማት ሴቶችን ስለማያስገቡ የቤተሰብ ጉዞ ከሆነ መዳረሻው ቀድሞ ቢታወቅ መልካም ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲርቅ ውኃው የሚበዛው በክረምት ማብቂያ ነው።

በሐይቁ ዳር ማደር ከተራራ ማደር የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጉማሬዎች ሌሊት ለግጦሽ ከውኃው ስለሚወጡ ድንኳን ከዳርቻው ርቆ መተከል አለበት። ከክረምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ወባ ስለሚበረታ አጎበር መያዝ ያስፈልጋል። በዳርቻው ውኃ ውስጥ መዋኘትም ለቢልሃርዝያ ሊያጋልጥ ይችላል።

የዓባይ በረሃ ቁልቁለት

ከአዲስ አበባ ለሚመጡም ሆነ ከደብረ ማርቆስ በደጀን በኩል ለሚወርዱ ተጓዦች ከባዱ ክፍል በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። መኪናው ከሁለቱም አቅጣጫ ከ1 ሺህ 300 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። ከሸለቆው ሥር በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም የተመረቀው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ ይገኛል።

በዚህ ቁልቁለት ላይ ፍሬንን ያለማቋረጥ መርገጥ ፍሬኑ ግሎ ጨርሶ እንዳይዝ ያደርገዋል። ትክክለኛው አነዳድ ከመውረድ በፊት ወደ ከባድ ማርሽ ቀይሮ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዘው ማድረግ ነው። ማርሹን ዜሮ አድርጎ ነዳጅ ለመቆጠብ መሞከር ለሕይወት አስጊ ነው። መንገዱ በመሬት መንሸራተት የሚጎዳና ከባድ የጭነት መኪኖች የሚበዙበት በመሆኑ ሸለቆውን በቀን ብርሃን፣ ቢዘገይ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ማቋረጥ ይመረጣል። ተከራዮች እሑድ ምሽት ለመድረስ አሽከርካሪውን ማጣደፍ የለባቸውም። ሰኞ ጠዋት ሥራ ላይ መገኘት ካስፈለገ መልሱ እሑድ ረፋድ ላይ መጀመር አለበት።

በመኪና ውስጥ ለሚያድሩ

በመኪና ውስጥ ማደር ብርድን ቢከላከልም አንድ ከባድ አደጋ አለው። በተዘጋ መኪና ወይም ድንኳን ውስጥ የከሰል ምድጃ ማስገባት፣ አለዚያም ሞተሩን አስነስቶ መተኛት ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ እንዲጠራቀም ያደርጋል። ጋዙ ሽታም ሆነ ቀለም የሌለው በመሆኑ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ቡና የተፈላበት ከሰል ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ ሲቀር የበለጠ ያሳስታል። ስለዚህ ማብሰያው ሁልጊዜ ከውጭ መሆን፣ ከሰሉም ከመኝታ በፊት በውኃ መጥፋት፣ የመኪናው መስኮትም በጥቂቱ መከፈት አለበት። ለብርዱ መድኃኒቱ ጋቢ፣ ብርድ ልብስና ከወለሉ ቅዝቃዜ የሚለይ ፍራሽ ነው።

አሽከርካሪውም በቂ እንቅልፍ የሚያገኝበት ማደሪያ ሊዘጋጅለት ይገባል። ተጓዦች በሆቴል ወይም በድንኳን አርፈው አሽከርካሪው በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ካነጋ፣ በማግስቱ ዳገቱንና ቁልቁለቱን የሚይዘው የደከመ ሰው ነው።

ከመሥሪያ ቤቶችና ከወረዳዎች የሚጠበቅ

የሠራተኞች መረዳጃ ማኅበራትና ዕቁቦች በየወሩ ጥቂት ገንዘብ በማስቀመጥ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሕጋዊ መኪና መከራየት የሚችሉበትን መንገድ ቢያመቻቹ የመንግሥት መኪና ለመጠቀም የሚገፋፋው ምክንያት ይቀንሳል። ለአሥር ሰው የተከፈለ ኪራይ ለአንድ ሰው ከሚከብደው ያነሰ መሆኑ ግልጽ ነው።

የወረዳ ባሕልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች በበኩላቸው መኪና ቆሞ የሚያድርባቸውን ሥፍራዎች ቢለዩ፣ መጸዳጃና ንጹሕ ውኃ ቢያሟሉ፣ የጥበቃ ክፍያውን ተመን ግልጽ ቢያደርጉ ማደሪያ የተሟላለት መኪና ሳይኖርም አገልግሎቱን ማስጀመር ይቻላል። የዞን ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቶችም ለኪራይ የተፈቀደላቸውን ተሽከርካሪዎች ዝርዝር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጥፉ ተከራዩ በቀላሉ ይመርጣል።

የሳምንቱ መጨረሻ ጉዞ ለቤተሰብና ለሥራ ባልደረባነት የሚሰጠው ጥቅም ጥርጥር የለውም። ጥቅሙ የሚገኘው ግን ሊብሬው ታይቶ፣ ውሉ ተፈርሞ፣ መንገዱ ተጠይቆና አሽከርካሪው አርፎ ሲነሳ መሆኑን ተጓዦችም ሆኑ ኃላፊዎች ሊገነዘቡት ይገባል።